ፌንጣዋ ፌንጣ አልነበረችም

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ አንድ ወቀሳ ነው። ወቃሹ የማከብረው ሰው ስለሆነ በዕለቱ መልስ አልሰጠሁትም፤ «እሺ፣ አስብበታለሁ» ብዬው ተለያየን። እነሆ አሰብሁበትና መልሴን በጽሑፍ ላደርገው ወደድሁ። እናንተ አንባቢዎቼ ብትፈልጉ ፍረዱን፣ ባትፈልጉ አዳምጡን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በምኖርባት በፊኒክስ ከተማ፣ በአሜሪካዋ የአሪዞና ግዛት፣ ልጆቻችን አማርኛ እንዳይጠፋባቸው ጥቂት ወላጆች ተሰባስበን በየቅዳሜው የምናስተምርባት አንዲት ክፍል አለችን። ፊደል የሚያስቆጥሩት ሌሎች ናቸው፤ የእኔ ድርሻ ተረት መንገር ነው። የዚያን ዕለት ተራው የጉንዳንና የፌንጣ ተረት ነበር። ታውቁታላችሁ። ጉንዳን በጋውን ሙሉ እህል ስትሸከም ትከርማለች፣ ፌንጣ ስትዘፍን ትከርማለች፤ ክረምቱ ሲገባ ፌንጣዋ ተርባ የጉንዳኗን በር ታንኳኳለች፤ ጉንዳኗም በጋውን የዘፈነች ክረምቱን ትጨፍር ብላ ትዘጋባታለች። እኔም በልጅነቴ የሰማሁት እንዲሁ ነው።

ከመሐል ሳልደርስ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጇን አወጣች። በሌላው እጇ የታጠፈ ሶፍት ይዛ ነበር። ስትፈታው ከውስጡ ገለባ የመሰለች፣ ጀርባዋ የተሰነጠቀ፣ እግሮቿ ግን አንድም ሳይጎድሉ የቀሩ ባዶ ቅርፊት ወጣች። ከመኪና ማቆሚያው ዳር ካለው ቁጥቋጦ ላይ ነቅላት ኖሯል። «ጋሼ፣ የምትዘፍነው ይቺ ናት?» አለችኝ። መስኮቱ ተዘግቶ፣ ማቀዝቀዣው እያጓራ፣ ከውጭ የሚመጣው ጩኸት ግን ይሰማ ነበር። አዎ፣ እሷ ናት አልኋት። ቀጠለችና፣ «ጉንዳኗ ዘፈኑን ትሰማ ነበር?» አለች። ጎረቤት ስለሆነች መስማቷ አይቀርም አልሁ። «ታዲያ ለምን አልከፈለቻትም?»

ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። ተረቱን እዚያው ላይ አቆምሁና ልጆቹን ወደ ፊደላቸው መለስኋቸው።

በር ላይ የጠበቀኝ የአንደኛው ልጅ አባት ነው። ቀን አንድ ሥራ፣ ሌሊት ሌላ ሥራ የሚሠራ፣ ከዚያችው ደመወዙ ላይ አገር ቤት ያሉ ሦስት ቤተሰቦችን የሚረዳ ሰው ነው። «ወንድሜ፣» አለኝ፣ «እኛ እዚህ አገር ወገባችንን የምንሰብረው ልጆቻችን ጉንዳን እንዲሆኑልን ነው። ተረቱን አኮላሸኸው። መጨረሻው ካልተነገራቸው ዘፍኖ መብላት ያለ ነው የሚመስላቸው።»

ለእሱ አሁን የምመልስለት በመጀመሪያ ስለ እንስሳው ነው፤ በእኔ እምነት ተረቱ ያጠፋው ከዚያ ጀምሮ ነውና።

የድሮው የግሪኮች ተረት፣ በኤዞፕ ስም የሚጠራው፣ ስለ ፌንጣ አልነበረም። ዘፋኟ ሲካዳ ነበረች። ላ ፎንቴይን እ.ኤ.አ. በ1668 ባሳተመው የግጥም ተረቶች መጽሐፉ የመጀመሪያውን ቦታ የሰጠው ለዚሁ ተረት ነው፤ በእሱም ዘንድ ዘፋኟ ሲካዳ ናት። ተረቱ ሲካዳ በብዛት ወደማይሰማባቸው የሰሜን አውሮፓ አገሮች ሲሻገር ግን ተርጓሚዎች በሚያውቁት ነፍሳት ተኩት፤ ወደ እንግሊዝኛው ፌንጣ ሆኖ ገባ፤ እኔ በልጅነቴ የሰማሁትም ፌንጣ ነው። ለመሆኑ ምን ልዩነት አለው የሚል ይኖራል። ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ፌንጣ ቅጠል የሚቆርጥ መንጋጋ አላት፤ ድምፅ የምታወጣው እግሯን ከክንፏ እያፋተገች ነው። ሲካዳ መንጋጋ የለውም። ያለው እንደ መርፌ የሾለ መምጠጫ ነው፤ ዘመዶቹም እነ ክሽክሽ ናቸው እንጂ አንበጣና ፌንጣ አይደሉም። ስለዚህ ክረምት ቢመጣ እንኳ ከጉንዳን ደጅ እህል ሊለምን አይችልም፤ ቢሰጡትስ በምን ያኝከዋል? ደግሞም ክረምት አይደርስበትም፤ ክንፍ ያወጣ ሲካዳ ዕድሜው የሳምንታት ነው፤ ብርድ ሳይመጣ ይሞታል። ተረቱ የሞተን ዘፋኝ ነው በር ላይ አቁሞ የሚያዋርደው።

ይህን ቀድሞ ያለው ፈረንሳዊው የነፍሳት አጥኚ ፋብር ነው። እ.ኤ.አ. በ1823 ተወልዶ በ1915 የሞተው ይህ መምህር በደቡብ ፈረንሳይ፣ በደጃፉ ባሉት ዛፎች ላይ ሲካዳዎችን ዓመታት ተመለከተ። ያየውንም ጻፈ። በሐምሌ ሐሩር ሁሉ ነገር በተጠማበት ሰዓት ሲካዳው ቅርፊቱን ይበሳና ይጠጣል፤ ከብሱ ዙሪያ ፈሳሽ ይንጠባጠባል፤ ይህን የሸተተ የተጠማ ሁሉ ይሰበሰባል። ከተሰበሰቡት ሁሉ ዓይን አውጣው ጉንዳን ነው። ከሲካዳው ሆድ ሥር ይሹለከለካል፣ እግሩን ይነክሳል፣ ክንፉን ይጎትታል፤ ባለቤቱ ሰልችቶት ሲነሣ ጉድጓዱን ይወርሳል። ዘፋኙ ሲሞትም ሬሳውን በልቶ የሚጨርሰው ያው ጉንዳን ነው። እንግዲህ ለማኙና ተለማኙ ቦታ ተለዋውጠዋል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ ጥያቄ ከፋብር ጥናት ጋር የተገናኘው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ሲካዳ ግን የፋብር አይደለም። በፊኒክስ ዙሪያ፣ በሶኖራ በረሃ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖረው የአፓቼ ሲካዳ ይባላል። የአውራ ጣት አንጓ ያህላል፤ መልኩ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከራሱ ኋላ እንደ አንገት ልብስ ያለ ፈዘዝ ያለ መስመር አለው፤ ክንፉ ከጀርባው ያለውን ሁሉ የሚያሳይ መስተዋት ነው። በምሥራቅ አሜሪካ በየ13ና በየ17 ዓመቱ ከመሬት የሚፈሉትን ዘመዶቹን ጋዜጦች ይዘምሩላቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የሁለቱ ወገን ጊዜ ተገጣጥሞ አገር ጉድ ብሎ ነበር። የእኛው እንዲህ ያለ ግርግር የለውም። በየበጋው፣ ሙቀቱ ሰው ከቤት እንዳይወጣ ሲያደርግ፣ ይመጣል።

የሚዘፍነው ወንዱ ብቻ ነው። ከሆዱ ሥር፣ ግራና ቀኝ፣ ጎድን ጎድን ያላቸው ሁለት ስስ ሽፋኖች አሉት። ጡንቻው ሲስባቸው ይሰረጉዳሉ፣ ሲለቃቸው ይመለሳሉ፤ የቆርቆሮ ክዳን በጣታችን ተጭነን ስንለቀው ጣ እንደሚለው ማለት ነው። ይህ በፍጥነት ሲደጋገም አንድ ወጥ ጩኸት ይሆናል። የሆዱ ውስጥ አብዛኛው ባዶ ነው፤ ድምፁን የሚያጎላው ይህ ባዶነት ነው፤ መሰንቆ የነካ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

አሁን ወደ ሙቀቱ ልምጣ፤ የክርክሬ ልብ ያለው እዚያ ነው።

በዚህ ከተማ ዕቃ አመላላሽ ነኝ፤ ቀኑን ከመኪና ስወርድና ስወጣ እውላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከጁን 30 እስከ ጁላይ 30 ድረስ፣ 31 ቀን ሳይቋረጥ፣ የፊኒክስ ሙቀት በየቀኑ 43 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያ በላይ ደርሷል። በዚያ ዓመት ከተማዋ ባለችበት በማሪኮፓ አውራጃ 645 ሰዎች ከሙቀት ጋር በተያያዘ ምክንያት ሞተዋል። እነዚያን ቀናት አልረሳቸውም። የበር እጀታ በጨርቅ እንጂ በእጅ አይያዝም። በቀትር እርግብ ዝም ትላለች፣ እንሽላሊት ድንጋይ ሥር ትገባለች፣ ውሻ አይጮኽም። ድምፅ ያለው አንድ ፍጡር ብቻ ነበር። ከሜስኪት ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ፣ ያለ እረፍት፣ ሲካዳው ይዘፍናል። መጀመሪያ ሰሞን የኤሌክትሪክ መስመር የተቃጠለ መስሎኝ ነበር።

እንዴት አልሞተም? ይህን ጥያቄ የተመራመሩ ሰዎች አሉ። ኤሪክ ቱልሰንና ኒል ሃድሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያገኙት መልስ ለማመን ያስቸግራል፤ ሲካዳው ያልበዋል። ነፍሳት ላብ የላቸውም ተብሎ ነው የምንማረው። በተለይ የበረሃ ነፍሳት ቆዳቸው በሰም የተቀባ ነው፤ ሰሙ ያለቻቸውን ጠብታ ውሃ እንዳትተን ይይዝላቸዋል። በረሃ የሚኖር ሁሉ ቆጣቢ ነው፤ ሕጉ ይህ ነው። የአፓቼው ሲካዳ ግን ሙቀቱ ሲበረታበት ከደሙ ውሃ ይስብና በደረቱና በሆዱ ጀርባ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይለቀዋል። ውሃው ሲተን ገላውን ያቀዘቅዘዋል። እንዲህ አድርጎ ገላውን ከአየሩ ጥቂት ዲግሪዎች ዝቅ ያደርገዋል፤ ያቺ ጥቂት ዲግሪ በሕይወትና በሞት መካከል ያለች ናት። (ከሰሙ ሥር የሚፈልቀውን ውሃ ወርቅ ልለው ብዕሬን ያነሣሁት ብዙ ጊዜ ነው። የቅኔ አገር ሰው ይፍረድልኝ።)

ቱልሰን እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ይህን ጠባይ «አባካኝነት» ብሎ ሰይሞታል፤ የውሃ አባካኝነት። ወዲያውም ይህ አባካኝነት ለሐሩር በረሃ የተበጀ መላ ነው ይላል። ይህን ርዕስ ሳነብ የአባቴ ፊት ነው የታየኝ። በአባቴ መዝገብ ቃላት አባካኝነትና መላ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይገናኙም።

ለምን ያባክናል ብትሉ፣ ቀትሩን ለመግዛት ነው። በጠዋትና በማታ ወፎች አሉ፣ ሲካዳ እያደኑ ወደ ጉድጓዳቸው የሚጎትቱ ትልልቅ ተርቦችም አሉ። በቀትር እነሱም ሙቀቱን አይችሉትም፤ ጥላ ውስጥ ይገባሉ። ያቺ ማንም የማይፈልጋት፣ ሁሉ ፈርቶ የተሸሸገባት ሰዓት ለሲካዳው ክፍት መድረክ ትሆናለች። ውሃውን ከፍሎ ሰዓቷን ይገዛል፤ በሰዓቷም ይዘፍናል፤ ዘፈኑን የምትሰማው ሴት ትመጣለች፣ ቅርንጫፍ ሰንጥቃ እንቁላሏን ትጥላለች። ከዚህ ዘፈን በቀር ለሚቀጥለው ትውልድ ሌላ መንገድ የለም። እንግዲህ ዘፈኑ ከሥራ በኋላ የሚደረግ ጨዋታ ሳይሆን ራሱ ሥራው ነው።

ፕላቶን «ፋይድሮስ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስን ከከተማ ውጭ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር፣ በቀትር ያስቀምጠዋል፤ ከበላያቸው ሲካዳዎች ይዘፍናሉ። ሶቅራጥስ ለጓደኛው እንደነገረው ሲካዳዎቹ ቀድሞ ሰዎች ነበሩ፤ ሙዚቃ የተወለደ ጊዜ ከመደነቃቸው ብዛት መብልና መጠጥ ረስተው ሲዘፍኑ ሞቱ፤ አሁን ከላይ ሆነው ማን በቀትር እንዳንቀላፋና ማን እንደተጋ ለጥበብ አማልክት ያወራሉ። ውብ ነው። ግን ፕላቶንም ተሳስቷል ባይ ነኝ። የእኛ ሲካዳ መጠጥ አልረሳም፤ ቢረሳ በአንዲት ቀትር ይሞታል። በሰሜን አሪዞና የሚኖሩት የሆፒ ሕዝቦች ያዩት ለእኔ ይበልጥ ቅርብ ነው፤ በእነሱ ዘንድ ሲካዳ ዋሽንት ነፊ ነው፣ ሙቀትንም የሚያመጣው እሱ ነው።

አሁን ወዳጄ በር ላይ ያለኝን ልመልስ። «ዘፍኖ መብላት ያለ ነው የሚመስላቸው» ነበር ያለው። ከእሱ ጋር የምስማማበት ነገር አለ፤ እንዲያውም እሱ ከሚያስበው በላይ እስማማለሁ። ሲካዳው ሊያባክን የቻለው ከዛፍ ጋር ስለተጣበቀ ነው። የሚጠጣው ሥር ከመሬት ስቦ በእንጨቱ ውስጥ ወደ ላይ የሚልከውን ውሃ ነው፤ ምግብ የሚባል ነገር የሌለው ከሞላ ጎደል ንጹሕ ውሃ ማለት ይቻላል። ያንን ከእንጨት ውስጥ ለመሳብ ብርቱ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያ ፊቱ ላይ ያበጠ ግንባር የሚመስለው ነገር ግንባር አይደለም፣ የመሳቢያ ጡንቻ ቤት ነው። ውሃው የጎደለውን ምግብም በሆዱ ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ያሟሉለታል። ከቅርንጫፉ ከተነጠለ ግን፣ ያ ሁሉ የላብ ጥበብ መግደያው ነው።

ዛፉስ? ሜስኪት ሥሩን ወደ ታች የሚሰድ ዛፍ ነው። በዚችው አሪዞና፣ በቱሳን ከተማ አቅራቢያ፣ ማዕድን ለማውጣት በተቆፈረ ገደል ውስጥ ከ50 ሜትር በላይ ወርዶ የተገኘ ሥር አለ። የዛፉ የሥጋ ዘመድ በአገራችንም ይታወቃል፤ በደርግ ዘመን ወደ አፋር የገባው፣ አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ የሚሉት ፕሮሶፒስ ነው። በአፋር ግጦሹን የዋጠ፣ ከብቱን ያሰናከለ መቅሠፍት ሆኗል። እዚህ በተፈጠረበት በረሃ ግን ባላገር ነው፤ ጥላ ይሰጣል፣ ዘፋኝ ያጠጣል። (ስደተኛ ሆኖ ስለ ዛፍ ሲጽፉ ከዚህ ጉዳይ መሸሽ አይቻልም። ግን ዛሬ አልገባበትም፤ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ደግሞ ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት ተረቱ አይቆጥራቸውም። ከቅርንጫፍ የወደቀችው ጫጩት መሬት ቆፍራ ትገባለች፤ በጨለማ ውስጥ፣ ሥር ላይ ተጣብቃ፣ ዓመታት ትኖራለች። የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ በሶፍት ጠቅልላ ያመጣችው ቅርፊት የነዚያ ዓመታት የሥራ ልብስ ነው። ሲካዳ በአንድ ሌሊት ወጥቶ ጀርባውን ሰንጥቆ ያወለቀው። ጉንዳኗ ያየችው ዘፈኑን ብቻ ነው፤ ከመሬት በታች የነበረውን አላየችም ለማለት ግን ይከብደኛል፣ እሷም የምትኖረው እዚያው ነውና።

በአገራችን ይህን ታሪክ በሌላ ስም እናውቀዋለን። አዝማሪ ይባላል። ሠርጋችን ያለ አዝማሪ አልደመቀም፣ ዘመቻችን ያለ አዝማሪ አልተሸኘም፤ ሹም ሲያጠፋ በዘፈን የሸነቆጠው እሱ ነው። ዞር ስንል ደግሞ «አዝማሪ!» ስድብ ነበር፤ ልጁን ለአዝማሪ ልጅ የሚድር ቤተሰብ አልነበረም። ግንባሩ ላይ ብር ለጥፈንለት ስናበቃ በግንባሩ ላይ በር የምንዘጋ ሕዝብ ነን። ዘፋኝን ሥራ ፈት ነው ብሎ ያልናቀው፣ የሚገርመው፣ ጠላት ነው። ግራዚያኒ በ1929 ዓ.ም.፣ ከየካቲት 12 ጭፍጨፋ በኋላ፣ በየመንደሩ የሚዞሩ ተራኪዎች፣ ጠንቋዮችና ሟርተኞች ተይዘው እንዲረሸኑ ማዘዙ በታሪክ ተመዝግቧል። ተራኪ በጥይት የሚመታ ሥራ መሥራቱን ፋሺስቱ ገብቶታል፤ እኛ ነን ሥራ ነው ለማለት የዘገየነው።

በቅርብ ጊዜ የሚነገሩ የተለሳለሱ ተረቶች አሉ፤ ጉንዳኗ መጨረሻ ላይ አዝናላት በሯን ትከፍታለች። እነሱንም አልወዳቸውም። ልጅቷ የጠየቀችው «ለምን አላዘነችላትም?» ብላ አይደለም። «ለምን አልከፈለቻትም?» ነው ያለችው። ምጽዋት ከደመወዝ ጋር የሚምታታበት ተረት በሩን ከሚዘጋው ተረት ብዙም አይሻልም። እና ወዳጄ፣ ተረቱን የማልጨርሰው ልጅህን ስንፍና ላስተምረው ፈልጌ አይደለም። የሚሠራ ሰው ሲያይ ሥራ መሆኑን እንዲያውቅ ፈልጌ ነው። አንተ ሌሊት በሥራ ላይ ሳለህ በጆሮህ ምን ሰክተህ እንደምታዳምጥ አውቃለሁ፤ ያለ እሱ ሌሊቱ አያልፍልህም ብለህ የነገርኸኝ አንተው ነህ።

ስለ አባቴ ሳልናገር ብቀር ነገሩ ግማሽ ይሆናል።

አባቴ በደሴ ከተማ ሱቅ ነበረው። ጉንዳን ነበር፤ የማከብረው ጉንዳን። ስኳር ሲመዝን ከወረቀቱ ላይ የቀረችውን ፍሬ አራግፎ ይመልሳት ነበር። እኔ ደግሞ ከደረሰኝ ጥራዙ ጀርባ ላይ ግጥም እጽፍ ነበር። አንድ ቀን ደረሰኝ ሲቆርጥ ከኋላው ሁለት መስመር አገኘ፦

ጎተራህን ሞልተህ በሩን ብትዘጋው፣
ሸክምህን ማን ነበር ያቀለለው በበጋው?

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ መስመሮቹ ጥሩ እንዳልሆኑ አሁን አውቃለሁ። እሱ ግን ጥራቱን አልተመለከተም። የደረሰኙን ዋጋ ከኪስ ገንዘቤ ላይ ቀነሰና «ፌንጣ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን ስሜ ፌንጣ ሆነ፤ እናቴ በፍቅር ትጠራበታለች፣ እሱ ደግሞ በሌላ ቃና። ወደ አሜሪካ ስሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ የነገረኝ አንድ ነገር ነው፤ «እዚያ አገር ክረምቱ ረዥም ነው ይባላል።» ፊኒክስ ክረምት የሌለባት ከተማ መሆኗን ያኔ እሱም እኔም አላወቅንም።

ዛሬ አርጅቷል፤ ሱቁም የለም። እሑድ እሑድ እደውልለታለሁ። ስለ ጤና እንነጋገራለን፣ ስለ ዋጋ እንነጋገራለን፣ ስለ ጽሑፍ አንነጋገርም። ያ ወቀሳ በደረሰኝ ማግስት ስደውልለት ከቤት ወጥቼ ከሜስኪቱ ጥላ ሥር ቆሜ ነበር። እኩለ ቀን ነበር፤ እሱ ዘንድ መሽቷል። ገና ሰላምታውን ሳንጨርስ አቋረጠኝ።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ የምን ማሽን ነው? ፋብሪካ ውስጥ ገባህ እንዴ?»

«ማሽን አይደለም አባባ። ዛፍ ላይ ያለ ነፍሳት ነው። በዚህ ሙቀት ይዘፍናል።»

ዝም አለ። ስንት ዲግሪ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። በዚህ ሙቀት እንዴት እንደሚኖር ጠየቀኝ፤ ስለ ዛፉ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ላቡ የማውቀውን ነገርሁት። አባቴ ስለ ወጪና ገቢ ሲነገረው ጥንቅቅ አድርጎ ያዳምጣል። ስጨርስ ሒሳቡን ለራሱ የሚያሰላ ይመስል ጥቂት ቆየ።

«ሁሉንም ያወጣዋል?»

«ሁሉንም ያወጣዋል።»

«ዛፉ እስካለ ድረስ።»

«አዎ፣ ዛፉ እስካለ ድረስ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበቱ ሕመም ያወራኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። «እስቲ ስልኩን ወደሱ አስጠጋው፣» አለኝ። እጄን ወደ ቅርንጫፉ ዘረጋሁ። ሲካዳው ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ወዲያው ቀጠለ። ስልኩ በእጄ ላይ እየጋለ ቢሄድም አላወረድሁትም።